የዋት ፈረስ

ወፍጮ ቤት ሊከፍት ያሰበ ሰው ሞተር ሲያማርጥ «ስንት ፈረስ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ሻጩ «አሥራ አምስት» ይለዋል። ገዢው በቆሎውንም ጤፉንም ይችል እንደሆነ በልቡ ያሰላል፤ ከዚያ ወደ ዋጋው ይገባሉ። ስለ መኖና ስለ ጋጣ የሚያነሳ የለም። የፈረስ ጉልበት ዛሬ ፈረስ የሌለበት ቁጥር ነው፤ ሲወለድ ግን ላቡ የሚንጠባጠብ እውነተኛ ፈረስ ነበረው። የወለደውም የምርምር ጉጉት አይደለም፤ የኪራይ ውል ነው። ከዚያ ወዲህ ግብር ሰብሳቢው፣ ማስታወቂያ ሠሪውና የኢንሹራንስ ድርጅቱ በየዘመናቸው ወደየራሳቸው ሲጎትቱት ኖረዋል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከ1698 እስከ 1712፦ የማዕድን ጉድጓድ አፍ ላይ

በዚያ ዘመን የእንግሊዝን የማዕድን ባለቤቶች እንቅልፍ የሚነሳቸው ውሃ ነበር። ጉድጓዱ በጠለቀ ቁጥር ውሃው ይበረክታል፤ ካልወጣም ከሰሉም ቆርቆሮውም እዚያው ሰጥሞ ይቀራል። ውሃውን የሚያወጡት ፈረሶች ነበሩ። ከጉድጓዱ አፍ አጠገብ ገመድ የሚጠመጠምበት ትልቅ የእንጨት ጥቅልል ይቆማል፤ ከእሱ ረጅም አግድም እንጨት ይወጣል፤ በአግድሙ ጫፍ ፈረስ ይጠመዳል። ፈረሱ እንደ አውድማ በሬ ሲዞር ይውላል፤ ገመዱ ይጠመጠማል፣ ባልዲው ይወጣል።

ቶማስ ሴቨሪ የተባለ እንግሊዛዊ በ1698 በእሳትና በእንፋሎት ውሃ የሚስብ ማሽን ሠርቶ የፈጠራ መብት ወሰደ። በ1702 ደግሞ «የማዕድን ቆፋሪው ወዳጅ» የሚል ትንሽ መጽሐፍ አሳተመ። ከመጽሐፉ ውስጥ ለእኛ ታሪክ የሚፈለገው አንድ የሂሳብ ነጥብ ነው። ማሽኑ በአንድ ጊዜ የሁለት ፈረሶችን ሥራ ይሠራል እንበል። ፈረስ ግን ይደክማል፣ ይበላል፣ ይተኛል። ሁለት ፈረሶች ሌት ተቀን ሳያቋርጡ እንዲዞሩ ከተፈለገ በተራ የሚተካኩ አሥር ወይም አሥራ ሁለት ፈረሶች ማሳደር ያስፈልጋል። ስለዚህ፣ ይላል ሴቨሪ፣ የኔ ማሽን የሚተካው ሁለቱን ሳይሆን አሥሩን ወይም አሥራ ሁለቱን ነው። ማሽንን በፈረስ መቁጠር የተጀመረው እንዲህ ነው። የመጀመሪያው ቆጣሪ ራሱ ሻጩ መሆኑን ልብ ይሏል።

የሴቨሪ ማሽን ጥልቅ ጉድጓድ ላይ አቅም አጣ። ገበያውን የያዘው የዳርትማውዙ ብረታ ብረት ነጋዴ ቶማስ ኒውኮመን ነው፤ በ1712 በደድሊ ቤተ መንግሥት አቅራቢያ የተከለው ሞተር በደቂቃ 12 ጊዜ እየተመላለሰ፣ በእያንዳንዱ ምልልስ 45 ሊትር ያህል ውሃ ከ46 ሜትር ጥልቀት ያወጣ ነበር። ክፉ አመሉ ከሰል መብላቱ ነው። የከሰል ማዕድን ላይ ሲተከል ገዢ ያጣ ብናኝ እየጎረሰ ይሠራልና ማንም አይከፋውም። ከሰል በመርከብ ከዌልስ በሚመጣላቸው የኮርንዎል የቆርቆሮና የመዳብ ማዕድኖች ግን ትርፉን ጠራርጎ ይበላው ነበር።

ከ1765 እስከ 1781፦ የቁጠባው ሲሶ

ጄምስ ዋት በግላስጎ ዩኒቨርሲቲ ግቢ የመለኪያ መሣሪያዎችን የሚሠራና የሚጠግን ሰው ነበር። በ1763 መገባደጃ ለማስተማሪያ የሚያገለግል ትንሽ የኒውኮመን ሞተር ተበላሽቶ እጁ ገባ። ጠገነው፤ ሞተሩ ግን ጥቂት ምልልስ እንዳደረገ እንፋሎት አልቆበት ይቆማል። ዋት ነገሩን አጥብቆ ሲመረምር ምክንያቱን አገኘው። በእያንዳንዱ ምልልስ ሲሊንደሩ ውስጥ ቀዝቃዛ ውሃ እየተረጨ እንፋሎቱ ወደ ውሃ እንዲመለስ ይደረጋል፤ በዚያው ቅጽበት ብረቱም ይቀዘቅዛል። ቀጥሎ የሚገባው እንፋሎት ሥራ ከመጀመሩ በፊት የቀዘቀዘውን ብረት ሲያሞቅ ይባክናል።

መፍትሔው በግንቦት 1765 አንድ እሁድ በግላስጎ ግሪን መስክ ሲንሸራሸር መጣለት፦ ሲሊንደሩ ሁልጊዜ እንደጋለ ይቆይ፤ እንፋሎቱ ወደ ሌላ ዕቃ ተስቦ እዚያ ይቀዝቅዝ። ሐሳቡ አንድ ከሰዓት በላይ አልፈጀም፤ ወደ ሥራ ለመለወጥ ግን ከአሥር ዓመት በላይ ፈጀ። የፈጠራ መብቱን በ1769 አገኘ። የመጀመሪያ ሸሪኩ ሮባክ ከሰረ። የሮባክን ድርሻ የወሰደው ማቲው ቦልተን ይባላል፤ በበርሚንግሃም የሶሆ ፋብሪካ ባለቤት ነው። ቦልተን ገበያ አዋቂ ነበር፤ የፈጠራ መብቱ እስከ 1800 እንዲራዘም ፓርላማውን በ1775 አሳመነ። በማግስቱ ዓመት ጸሐፊው ጄምስ ቦስዌል ፋብሪካውን ሊጎበኝ ቢመጣ፣ ቦልተን እዚህ የሚሸጠው ጉልበት እንደሆነ ነገረው።

ጉልበት እንዴት ይሸጣል? ማሽኑን አንድ ጊዜ ሸጦ ገንዘብ መቀበል ለሁለቱ ሸሪኮች አልጣማቸውም። የመረጡት ዘዴ ብልህ ነበር። ደንበኛው የማሽኑን መሥሪያ ወጪ ይሸፍናል፤ ከዚያ በኋላ ከኒውኮመን ሞተር ጋር ሲነጻጸር ከሚተርፈው ከሰል ዋጋ ሲሶውን ለፈጠራ መብቱ ይከፍላል። ለቁጥጥር ደግሞ ሞተሩ ላይ ምልልሱን የሚቆጥር መሣሪያ በተቆለፈ ሣጥን ተገጠመ፤ ቁልፉ በሸሪኮቹ እጅ ነው። የኮርንዎል ባለ ማዕድኖች መጀመሪያ ደስ አላቸው፤ ኋላ ግን ሲሶው እየከበዳቸው ሲሄድ በገዛ ከሰላችን ምን አገባቸው እያሉ ያጉረመርሙ ጀመር።

ውሉ የሚሠራው ግን ደንበኛው አስቀድሞ የኒውኮመን ሞተር ካለው ብቻ ነበር። ቦልተን የማዕድኑ ገበያ አንድ ቀን እንደሚሞላ ስለገባው ዋትን ወተወተው፦ ወደ ላይና ወደ ታች ብቻ የሚመላለሰውን ማሽን የሚሽከረከር አድርገህ ስጠኝ፤ ጥጥ ፈታዩ፣ እህል ፈጪው፣ ቢራ ጠማቂው እየጠበቁን ነው። ዋት በ1781 በጥርሳም ጎማዎች አማካይነት ምልልሱን ወደ ዙር ለወጠው። አዲሶቹ ደንበኞች መጡ። እነዚህ ግን የሚያወዳድሩት ሌላ ሞተር አልነበራቸውም፤ ከውሃ ወፍጮ ሌላ የነበራቸው ፈረስ ነው።

1782 እና 1783፦ ሰላሳ ሦስት ሺህ

ከፈረስ ላይ የከሰል ቁጠባ ሲሶ አይወሰድም። ስለዚህ ዋት አንድ የወፍጮ ፈረስ ምን ያህል እንደሚሠራ ማወቅ ነበረበት። የወፍጮ ሥራ ከሚያውቁ ሰዎች ጠይቆ በሂሳብ ደብተሩ ያሰፈረው በጣም ተራ ነገር ነው። ፈረሱ የሚዞረው ከመሐል እስከ ዳር 12 ጫማ፣ ማለትም 3 ሜትር ከ66 በሆነ ክብ ላይ ነው። በሰዓት 144 ጊዜ ይዞራል። ሲጎትት የሚያሳርፈው ኃይል 180 ፓውንድ ወይም 82 ኪሎ ያህል ተብሎ ተገመተ። ይህ ፈረስ በሰዓት የሚሄደው 3 ኪሎ ሜትር ከ300 ሜትር ገደማ ነው፤ ዝግ ብሎ የሚራመድ ሰው ይቀድመዋል። ቀኑን ሙሉ የሚሠራ ፈረስ ግን እንደዚያ ነው፤ ግልቢያ የለም፣ ማሽካካት የለም፣ ያው ክብ ብቻ።

ቁጥሮቹ ሲባዙ አንድ ፈረስ በደቂቃ 32,572 ፓውንድ አንድ ጫማ ያህል ከፍ የማድረግ አቅም አለው ማለት ይሆናል። ዋት በ1783 ወደ 33,000 ሞላው። በኛ መለኪያ ሲመነዘር በእያንዳንዱ ሰከንድ 76 ኪሎ አንድ ሜትር ማንሳት ነው። ዛሬ በእንግሊዝና በአሜሪካ «አንድ የፈረስ ጉልበት» የሚባለው ይህ ቁጥር ሳይነካ የቆየ ነው።

ፈረሱ በእርግጥ ይህን ያህል ይችላል? ከዋት በፊት መሐንዲሱ ጆን ስሚተን ልኩን 23,000 ገደማ አድርጎት ነበር። የዋት ፈረስ ከዚያ ይበልጣል። ብዙ ጊዜ ዋት አጋነነ እየተባለ ይተረካል፤ እኔ ግን ነገሩን ከገንዘቡ በኩል ማየት ይሻላል እላለሁ። የሚሽከረከረው ሞተር ኪራይ በፈረስ ተቆርጦ ነበር፤ ለአንድ ፈረስ በዓመት 5 ፓውንድ፣ ለንደን ውስጥ 6 ፓውንድ። በየፈረሱ ለሚያስከፍል ሰው ፈረሱን ማግዘፍ የራሱን ገቢ መቀነስ ነው፤ ያው ሞተር በትንሹ ፈረስ ቢቆጠር ብዙ ፈረስ ይወጣው ነበርና። ዋት በገዛ ኪሱ ላይ የፈረደው ቅሬታን ፈርቶ ነው። «የአሥር ፈረስ» ብሎ የሸጠው ሞተር ከአሥር ፈረስ በታች ሠራ የሚል ቢራ ጠማቂ እንዳይመጣበት ይፈልግ ነበር። ጥንቁቅ፣ ጭንቀታም፣ ከደንበኛ ጋር መጨቃጨቅ የሚያመው ሰው እንደነበር የሕይወት ታሪኩን የጻፉ ሁሉ ይስማሙበታል።

ስለዚህ ቁጥር አንድ ተረት አለ። ዋት ሞተር ሊሸጥለት የመጣ ቢራ ጠማቂ ምርጥ ፈረሱን አምጥቶ እየገረፈ ቀኑን ሙሉ አሠራው፤ ይህን የሚያክል ካልሠራህልኝ አልገዛም አለው፤ ልኩም ከዚያ ወጣ ይባላል። ተረቱ ያምራል፤ ጊዜው ግን አይገጥምም። ብዙውን ጊዜ ስሙ የሚነሳው የለንደኑ ዊትብሬድ ጠመቃ ሞተሩን ያስገባው በ1785 ነው፤ ያኔ ቁጥሩ ከተቆረጠ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ሞተሩ ብቅል ይፈጩ የነበሩትን ፈረሶች ተክቶ ገባ፤ በ1787 ንጉሥ ጆርጅ ሳልሳዊ ሳይቀሩ መጥተው ጎበኙት፤ አንድ መቶ ዓመት ያህል ሠርቶ በ1887 ጡረታ ወጣ። አሁን ሲድኒ ከተማ በሚገኝ ሙዚየም ውስጥ አለ።

ከ1796 እስከ 1829፦ የስም ፈረስና የእውነት ፈረስ

የፈጠራ መብቱ በ1800 ሲያበቃ ሌሎች መሐንዲሶች ገቡ። ዋት ይፈራው የነበረውን ከፍተኛ የእንፋሎት ግፊት ሪቻርድ ትሬቪቲክ ደፈረው፤ ሞተሮች በመጠን አንሰው በጉልበት በለጡ። ንግዱ ግን ሞተርን የሚቆጥረው በዋት ዘመን ቀመር ነበር። ቀመሩ የሲሊንደሩን ስፋትና የፒስተኑን ፍጥነት ይዞ ግፊቱን ዝቅተኛና የማይለወጥ አድርጎ ይወስዳል። ግፊቱ በእጥፍ ሲያድግ ቀመሩ አያውቅም። ስለዚህ የአንድ መርከብ ሞተር በወረቀት «መቶ ፈረስ» ተብሎ ተሽጦ በተግባር ሁለትና ሦስት እጥፍ ይሠራ ጀመር። ሰዎች ለሁለቱ የተለያየ ስም ሰጧቸው፤ የስም ፈረስና የተለካ ፈረስ።

ለመለካት የሚያስችለው መሣሪያ የተሠራው እዚያው በዋትና በቦልተን ቤት ነው። ሠራተኛቸው ጆን ሰዘርን በ1796 ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ግፊት ከፍ ዝቅ ሲል እርሳስ በወረቀት ላይ መስመር እንድትስል አደረገ። በመስመሩ የታጠረው ስፋት የተሠራውን ሥራ ይናገራል። ድርጅቱ መሣሪያውን ለብዙ ዓመታት በምስጢር ያዘው። በ1821 ደግሞ ፈረንሳዊው ደ ፕሮኒ የሚሽከረከረውን ዘንግ በፍሬን አንቆ ጉልበቱን ከውጭ የሚለካበት ዘዴ አወጣ። እንግዲህ ከአንድ ሞተር ሦስት የተለያየ ቁጥር ማውጣት ተቻለ፤ የቀመሩ፣ የሲሊንደሩ፣ የዘንጉ። ኋላ ላይ የመጣው ማጭበርበር ሁሉ የሚበቅለው ከዚህ ስንጥቅ ውስጥ ነው።

በጥቅምት 1829 ከሊቨርፑል ወደ ማንቸስተር ለሚዘረጋው ባቡር የሚሆን ጎታች ለመምረጥ በሬንሂል ሜዳ ውድድር ተደረገ። ሽልማቱ 500 ፓውንድ ነው። የጆርጅና የሮበርት ስቲቨንሰን «ሮኬት» በሰዓት 48 ኪሎ ሜትር ያህል በርሮ አሸነፈ። ከተወዳዳሪዎቹ መካከል ግን «ሳይክሎፔድ» የተባለ አንድ ጉደኛ ነበር። ቦይለር የለውም፤ ሠረገላው ላይ እውነተኛ ፈረስ ቆሟል። ፈረሱ ከእግሩ ሥር በሚንሸራተት ወለል ላይ ይራመዳል፤ ወለሉ ጎማዎቹን ያዞራል። ፈረሱ ባለበት እየረገጠ ሠረገላው በሐዲዱ ላይ ይሄዳል። ለዚያውም ዝግ ብሎ፤ ከእንፋሎቶቹ ጋር የሚወዳደር አልሆነም።

ሳይክሎፔድ ተሳቀበት፤ ሐሳቡ ግን አልሞተም። በዚያው ክፍለ ዘመን የአሜሪካ ገበሬዎች ፈረስ የሚራመድበት ተንሸራታች ወለል ወይም ፈረሶች የሚዞሩበት ጥርሳም ጎማ ገዝተው የእህል መውቂያቸውን ያንቀሳቅሱበት ነበር። ዕቃውንም የሚጠሩት በዚያው ስም፣ «የፈረስ ጉልበት» ብለው ነው። ቁጥሩ በለንደን ፋብሪካዎች ውስጥ ያለ ፈረስ ሲቆጠር፣ ዕቃው በኦሃዮ ማሳ ላይ ፈረሱን እንደያዘ ይሠራ ነበር።

1872፦ ፈረሶች የታመሙበት ጊዜ

የእንፋሎት ሞተር ፈረስን አስወጣ ብሎ የሚያስብ ሰው ይህን ዓመት ማየት አለበት። ባቡሩ በበዛ ቁጥር የፈረሱም ቁጥር ይጨምር ነበር፤ ባቡር ያመጣውን ጭነት ከጣቢያ ወደ ሱቅ፣ ከወደብ ወደ መጋዘን የሚያደርሰው ሠረገላ ነውና።

በ1872 መጸው በካናዳ ቶሮንቶ አካባቢ የፈረስ ኢንፍሉዌንዛ ተነሣ። ፈረሶቹ ይስላሉ፣ አፍንጫቸው ይዝረከረካል፣ መቆም ያቅታቸዋል። የሚሞቱት ጥቂት ቢሆኑም ለሁለትና ለሦስት ሳምንት ሥራ የሚባል አይሞክሩም። በሽታው በሳምንታት ውስጥ ኒውዮርክና ቦስተን ደረሰ፤ በወራት ውስጥ አህጉሩን አዳረሰ። በፈረስ የሚጎተቱት የከተማ ትራሞች ቆሙ። ወተት፣ ከሰል፣ የፖስታ ጭነት ባለበት ቀረ። በደቡብ ምዕራብ ከአፓቼዎች ጋር ይዋጋ የነበረው ፈረሰኛ ጦር በእግሩ መሄድ ግድ ሆነበት። ባቡሮችም ተቸገሩ፤ ቦይለራቸውን የሚሞላው ከሰል ራሱ የሚጋዘው በፈረስ ነበር።

ኅዳር 9 ማታ በቦስተን የንግድ ሰፈር እሳት ተነሣ። የከተማዋ እሳት አደጋ በዘመኑ ምርጥ የተባሉ የእንፋሎት ፓምፖች ነበሩት። ፓምፖቹን ወደ እሳቱ የሚጎትቱት ፈረሶች ግን ጋጣ ውስጥ ታመው ተኝተዋል። ሰዎች ገመድ ይዘው ብረቱን በትከሻቸው ጎተቱት። ለእሳቱ መስፋፋት ጠባብ የውሃ ቧንቧና በእንጨት የተሠራ ጣሪያም ድርሻ ነበራቸው፤ ሲጠፋ ከ700 በላይ ሕንፃዎች ወድመው ነበር። ብዙ የወረቀት ፈረስ ያለው ፓምፕ፣ አራት እግር ያለው ሁለት ፈረስ ስላጣ፣ በሰው ትከሻ ሄደ።

ከ1882 እስከ 1908፦ ስሙን ከፈረሱ ላይ ወሰዱ

በ1882 የብሪታንያ የሳይንስ ማኅበር ሳውዝሃምፕተን ላይ ሲሰበሰብ ፕሬዚዳንቱ ዊልያም ሲመንስ ለኤሌክትሪክ ዘመን የሚሆን አዲስ የጉልበት መለኪያ ሐሳብ አቀረበ። ስሙንም «ዋት» አለው። አንድ ፈረስ 746 ዋት ይሆናል። ሰውየው በሕይወት ቢኖር ምን ይል እንደነበር እንጃ፤ እርሱ የፈጠረውን ፈረስ ከሳይንስ መጻሕፍት የሚያስወጣው መለኪያ በእርሱ ስም ተጠራ።

ፈረንሳይና ጀርመን ፈረሱን ባይጥሉትም ወደ ኪሎና ወደ ሜትር ሲመነዝሩት ጎዶሎውን ቁጥር ጠልተው 75 ኪሎ በሰከንድ አንድ ሜትር አደረጉት። በዚህ የተነሣ የአህጉሩ ፈረስ ከእንግሊዙ በአንድ ተኩል በመቶ ገደማ ይቀጥናል፤ 735.5 ዋት ብቻ ነው። ዛሬም የጃፓን ወይም የጀርመን መኪና ካታሎግ ከአሜሪካው ጋር ጥቂት ፈረስ የሚለያየው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። ካርል ቤንዝ በ1886 የፈጠራ መብት ያገኘባት ባለ ሦስት እግር መኪና በየትኛውም ቢለካ አንድ ፈረስ አትሞላም ነበር።

በእኛም አገር ሁለቱ ፈረሶች የተገናኙት በዚሁ ዘመን ነው። አርመናዊው ነጋዴ ሰርኪስ ቴርዚያን በእንፋሎት የሚሠራ የመንገድ ማሽን አዲስ አበባ አስገብቶ ሕዝቡ «የሰርኪስ ባቡር» አለው። በ1907 ማብቂያ ደግሞ እንግሊዛዊው ቤድ ቤንትሊ ከጅቡቲ በኩል በረሃውን አቋርጦ የመጀመሪያዋን አውቶሞቢል ለዐፄ ምኒልክ አመጣ፤ ንጉሠ ነገሥቱም ሳይፈሩ ተቀመጡባት። ሰው በፈረሱ ስም በሚጠራበት አገር፣ አባ ዳኘው፣ ሞተሩ በፈረስ ወደሚጠራ ዕቃ ወጡ።

ከ1910 እስከ 1948፦ ግብር የቀረጸው ሞተር

የእንግሊዝ መንግሥት በመኪና ላይ ግብር ለመጣል መለኪያ ሲፈልግ ፈረሱን አገኘ። እያንዳንዱን ሞተር ከመለካት ግን ቀመር ቀለለው። የሲሊንደሩ ስፋት በኢንች ተለክቶ በራሱ ይባዛል፤ በሲሊንደሮቹ ቁጥር ይባዛል፤ ለሁለት ተኩል ይካፈላል። ቀመሩ ሲወጣ ለዘመኑ ሞተሮች ከእውነቱ ብዙም አልራቀም። ከ1921 ጀምሮ ለእያንዳንዱ የቀመር ፈረስ በዓመት አንድ ፓውንድ ተቆረጠ።

ቀመሩ ስፋትን ይቆጥራል፤ ፒስተኑ የሚመላለስበትን ርዝመት አይቆጥርም። መሐንዲሶች ይህን ለማየት ጊዜ አልፈጀባቸውም። ሲሊንደሩን አጥብበው አስረዘሙት። ሞተሩ ያው ወይም የበለጠ ጉልበት እየሰጠ በግብር መዝገብ ላይ ትንሽ ፈረስ ሆኖ ይታያል። አልቪስ የተባለው ድርጅት መኪናውን «12/50» ብሎ በግልጽ ሰየመው፤ አሥራ ሁለቱ ለመንግሥት፣ ሃምሳው ለአሽከርካሪው። የተጎዳው የአሜሪካው ፎርድ ሞዴል ቲ ነው። ሲሊንደሮቹ ሰፋፊ ስለነበሩ ቀመሩ 22 ተኩል ፈረስ ያወጣዋል፤ ጉልበቱ ግን ከዚያ አያልፍም። በ1922 ለገበያ የቀረበችው ኦስቲን ሰቨን የግብር ሂሳቧ የዚያ ሲሶ ገደማ ብቻ ነበር።

የአገር ውስጥ አምራቾች በዚህ ከለላ አደጉ፤ ኋላ ግን ወጥመድ ሆነባቸው። ጠባብና ረጅሙ ሞተር በፍጥነት ለረጅም ሰዓት መሽከርከር አይወድም፤ ከእንግሊዝ አጫጭር መንገዶች ወጥቶ በአውስትራሊያና በአፍሪካ ሲሮጥ ይደክማል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አገሪቱ መኪና ወደ ውጭ ልካ ዶላር ማግኘት ሲያስፈልጋት ቀመሩን ጣለችው፤ ከ1948 ጀምሮ ለአዲስ መኪና አንድ ወጥ ግብር ሆነ። በዚያው ዓመት ጥቅምት ፓሪስ ላይ ሲትሮይን አዲስ መኪናውን «ሁለት ፈረስ» ብሎ አቀረበ። እውነተኛ ጉልበቷ ዘጠኝ ነበር። ሁለቱ የፈረንሳይ ግብር ቢሮ ፈረሶች ናቸው።

ከ1961 እስከ 1972፦ የማስታወቂያ ፈረስ

የአዲስ አበባ ሰው ከሚያውቃት ቮልስ እንጀምር። የ1961 ሞዴሏ ባለ 1200 ሞተር በጀርመን ካታሎግ 34 ፈረስ ነው። ያው ሞተር አሜሪካ ሲደርስ 40 ፈረስ ሆነ። መርከብ ላይ ስድስት ፈረስ አልወለደም። ጀርመኖች የሚለኩት ሞተሩን መኪናው ላይ እንዳለ፣ ማጣሪያውንና ጭስ ማውጫውን እንደያዘ ነው። አሜሪካኖች ጉልበት የሚቀንሰውን ሁሉ ከላዩ አራግፈው ባዶ ሞተር ይለካሉ። ሁለቱም አልዋሹም።

በዲትሮይት ይህ ልማድ ወደ ፉክክር አደገ። በ1960ዎቹ ወጣቱ መኪና የሚመርጠው በፈረስ ቁጥር ሆነ፤ ክራይስለር 425 ፈረስ ብሎ ሲያስተዋውቅ ሌላው መከተል ነበረበት። ከዚያ የኢንሹራንስ ድርጅቶች ነቁ። ፈረሱ በበዛ መኪና ላይ ለወጣት አሽከርካሪ የሚቆርጡትን ክፍያ ሰማይ ሰቀሉት። ፉክክሩ በአንድ ጊዜ ተገለበጠ፤ አምራቾች ቁጥሩን መደበቅ ጀመሩ። የሸቭሮሌ ካማሮ ዜድ 28 በወረቀት 290 ተባለ፤ መንገድ ላይ የነዳው ሁሉ ከዚያ በላይ መሆኑን ያውቅ ነበር። በአሥር ዓመት ውስጥ ያው ድርጅት ለገዢ ሲያበዛ፣ ለኢንሹራንስ ሲያሳንስ ታየ።

የካዲላክ ኤልዶራዶ ትልቅ ሞተር ታሪክ ነገሩን በሦስት ቁጥር ያሳያል። 8.2 ሊትሩ ሞተር በ1970 400 ፈረስ ነበር። በ1971 እርሳስ የሌለው ቤንዚን እንዲቀበል ግፊቱ ሲቀነስ 365 ሆነ። በ1972 235 ላይ ወደቀ። ከ365 ወደ 235 ሲወርድ ብረቱ ላይ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አልነበረም፤ አሜሪካ ሞተርን ሙሉ ዕቃውን እንደያዘ ወደ መለካት ስለተሻገረች ነው። መቶ ሰላሳ ፈረስ የጠፋው ከወረቀት ላይ ነው።

ከ1993 ወዲህ፦ ፈረሱና ባትሪው

ሁለት መቶ ዓመት ካለፈ በኋላ አንድ ሰው እውነተኛውን ፈረስ ዞር ብሎ አየው። ስቲቨንሰንና ዋሰርሰግ የተባሉ ሁለት የሥነ ሕይወት ተመራማሪዎች በ1993 ኔቸር መጽሔት ላይ ባወጡት አጭር ጽሑፍ፣ በ1925 በአይዋ አውደ ርዕይ ላይ በተደረገ የመጎተት ውድድር የተመዘገበ ልክ ይዘው አሰሉ። ለጥቂት ሰከንዶች የሚታገል ጎታች ፈረስ ወደ 15 የፈረስ ጉልበት ይደርሳል። ቀኑን ሙሉ ሲሠራ ግን አንድ ገደማ ላይ ይወርዳል። ዋት ያሰላው ቀኑን ሙሉ የሚሠራውን ስለሆነ አልተሳሳተም።

የአውሮፓ ኅብረት ከ2010 ጀምሮ በሕግ ኪሎዋትን ዋና፣ ፈረስን ደግሞ ከጎን የሚጻፍ ብቻ አደረገው። ሻጮቹ ግን የጎኑን ቁጥር በትልቁ ማተማቸውን ቀጠሉ። ከዚያ የኤሌክትሪክ መኪናው መጣና የድሮው ስንጥቅ እንደገና ተከፈተ። ቴስላ በ2014 ፒ85ዲ የተባለውን ሞዴል 691 ፈረስ ብሎ አስተዋወቀ። ቁጥሩ የፊትና የኋላ ሞተሮቹ እያንዳንዳቸው የሚችሉትን መደመር ነበር፤ ባትሪው ግን ያን ሁሉ በአንድ ጊዜ ሊመግባቸው አይችልም። በተግባር የሚገኘው 463 ነበር፤ ድርጅቱም ኋላ ይህንኑ ቁጥር አወጣ። በኖርዌይ ገዢዎቹ አቤት ብለው ጉዳዩ በ2016 በስምምነት ተቋጨ።

ኢትዮጵያ በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ዘጋች። ኤክሳይዝ ታክሱ ሞተሩን በሲሲ እየከፋፈለ ይቆርጥ ነበር፤ የኤሌክትሪክ መኪና ሲሲ የለውም፤ የሚጻፍለት ኪሎዋት ነው። ለዚያም ሁለት ዓይነት ቁጥር አለ። አንዱ ሞተሩ ለጥቂት ሰከንድ ሲረገጥ የሚደርስበት ነው። ሌላው በተባበሩት መንግሥታት የተሽከርካሪ ደንብ መሠረት ለሠላሳ ደቂቃ ሳይግል ሊቀጥልበት የሚችለው ነው፤ በብዙ መኪኖች ይህ ከመጀመሪያው ግማሽ ያህሉ ብቻ ይሆናል። በሽያጭ ወረቀቱ ላይ ወደ ፈረስ ተመንዝሮ በደማቁ የሚታተመው የሰከንዶቹ ነው።